የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት የኢንሹራንሱ የካሣ ክፍል ሠራተኛ አስቀድመው አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። እኔ በምኖርበት በአምቦ ከተማ ክፉ ወሬ ለወላጅ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ወይም ብርቱ አደጋ ሲደርስበት መጀመሪያ የሚሰሙት ጎረቤትና የእድር ሰዎች ናቸው። ተመካክረው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወላጁ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ በርከት ብለው ሄደው ይነግሩታል። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም።

"ልጅዎ በወደቀች በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለምን አላሳወቁም?" ብላችሁ በጽሑፍ እንድመልስ ጠይቃችሁኛል። ከማስታወሻ ደብተሬ የተሻለ መልስ ስለሌለኝ ጉዳዩን የሚመለከተውን ሁሉ፣ ኩባንያችሁን "እናንተ" እያልኩ፣ ገልብጬ ልኬአለሁ። የሚያሳፍረኝንም አልቆረጥኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017

ምኞት ከወንጪ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ "አባዬ፣ ኪሊማንጃሮ ልወጣ ነው" አለችኝ።

ልጄ ወንጪ ሐይቅ ላይ እንግዶችን በፈረስና በእግር እየመራች ነው የምትኖረው። አምና ከመራቻቸው ሰዎች መካከል አንድ የአዲስ አበባ የተራራ ተጓዦች ማኅበር ነበር። በጥር ወር ወደ ታንዛኒያ ሲሄዱ አብራቸው እንድትሄድ ጠርተዋታል። ለሥራ አይደለም፤ ለእረፍቷ ነው። "ሁልጊዜ ሰው ሳወጣ ነው የኖርኩት፤ አንድ ቀን ደግሞ እኔን ሰው ያውጣኝ" አለች።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ያንን ተራራ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስለው ነበር። 5895 ሜትር። ሰው የሚቆምበት ቦታ መሆኑ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አልተቃወምኩም። ይህ ይታወቅልኝ። ኢንሹራንስ ሳትገቢ አትሄጂም፣ ኢንሹራንሱንም የምመርጠው እኔ ነኝ ብቻ ነው ያልኳት። ሳቀች። "እነሱንም ልትፈትናቸው ነው?" አለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ናትናኤል የሦስት ኩባንያ ውል በቴሌግራም ላከልኝ። ስልክ ላይ ማንበብ ስለማልወድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት።

የመጀመሪያው ርካሽ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል "ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ የሚደረግን የእግር ጉዞ አይሸፍንም" ይላል። የወንጪ አፋፍ ራሱ ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ውል ልጄ የዘወትር ሥራዋ ላይ እንኳ ዋስትና የላትም ማለት ነው። ይህን ለኦቦ ቀነዓ አነበብኩለት። ኦቦ ቀነዓ የእድራችን ዳኛ ነው፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ወንጪ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ ከልቡ ሳቀ። "እኛ እንግዲያ ከተወለድን ጀምሮ ከውሉ ውጪ ነን በለኛ፣ መምህር!"

ሁለተኛው ከፍታ አይገድብም፤ "ድንጋያማ ቁልቁለት" ላይ የሚደርስን አደጋ ግን አይመለከትም። ድንጋያማ ቁልቁለት የሌለው ተራራ የት እንዳዩ አላውቅም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ሦስተኛው የእናንተ ነው። እስከ 6000 ሜትር ይሸፍናል። ሄሊኮፕተር አለው። በሽተኛውን ወደ ሌላ አገር ሆስፒታል ማዛወርም አለው። አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለበት፦ አደጋው በደረሰ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለድንገተኛ ስልካችሁ መነገር አለበት፤ ሄሊኮፕተርም ሆነ ማዛወር ያለ እናንተ ፈቃድ አይከፈልም። ተገቢ ነው አልኩ። እኔም ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የመጣ የፈተና ወረቀት ተቀብዬ አላውቅም።

ውል ማንበብ ግን መልካም ነገር አይደለም። እያንዳንዱ አንቀጽ ሰው የሚሰበርበትን አንድ መንገድ ያስተምራል። የሳንባ ውኃ መቋጠር። የአንጎል ማበጥ። "አስከሬን ወደ አገር ስለ ማጓጓዝ" የሚለውን ገጽ አጥፌ አለፍኩት። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ምኞት መጥታ የጤና ጥያቄዎቹን አብረን ሞላን። አንድ በአንድ ጠየቅኋት።

"አስም?"

"የለም።"

"የልብ ሕመም?"

"የለም።"

"ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድ ጊዜ። አንተ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቴን ያየህ ዕለት።"

"ቀልዱን ተዪው። እዚህ ላይ ውሸት ከተገኘ ውሉ ይፈርሳል።"

"አባዬ" አለች፣ "ከተራራው ይልቅ አንተ ነህ የምታስፈራኝ።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ከባድ ቀን። የወይዘሮ ዓለሚቱ ልጅ ጭነት ይዞ ወደ እንጭኒ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እኩለ ቀን ላይ ሰማን። ዓለሚቱ ቤቷ ከእኔ ሦስተኛ ነው።

የባለሱቁ የከድሮ ልጅ ናፊሳ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የእኔን የደም ግፊት የምትለካውም እሷ ናት። እየሮጠች መጣች። "መምህር፣ እናቱ ደጋግማ ስልኩ ላይ እየደወለች ነው። አሁኑኑ ሄጄ ልንገራት፤ ወይም እህቷ በስልክ ትንገራት።"

"አይሆንም" አልኳት። "ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ሆና ብትወድቅ ማን ይይዛታል? እህቷ ከአዲስ ዓለም ትምጣ፤ ወንበሩ ይዘጋጅ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን። ነርስ ሆነሽ ይህን ማወቅ ነበረብሽ።"

"እስከ ነገ ድረስ ስትደውል ልትውል ነው?"

"ትደውል።"

አንገቷን ደፍታ ሄደች። ትንሽ ጠነከርኩባት መሰለኝ።

ማምሻውን ዓለሚቱ ራሷ በሬ ላይ ቆመች። "መምህር፣ የልጄ ስልክ እምቢ አለኝ፤ በእንጭኒ በኩል ኔትወርክ ተቋርጧል እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ተቋርጧል ይላሉ" አልኳት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ጎህ ሲቀድ አረዳናት። ኦቦ ቀነዓ ከፊት፣ እኔ ከጎኑ፣ እህቷ ከኋላ። ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ።

ሰኞ፣ ጥር 5

መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ በሌሊት ተነሥቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ውሉን ከናንተ ቢሮ ገዛሁ። መስኮቱ ላይ ያገኘኋት ወጣት ትሕትና ነበራት። "የአደጋ ጊዜ ተጠሪ" የሚለው ቦታ ላይ ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ።

"አባቴ፣ ሁለተኛ ሰውም ቢያስገቡ ጥሩ ነበር። አብሯት የሚሄድ ሰው ቢሆን" አለችኝ።

"አያስፈልግም" አልኳት። "ለሁለት ተማሪ አንድ ሥራ ስሰጥ አንዱ ሌላው ሠርቶታል ብሎ ይቀመጥ ነበር። ኃላፊው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስልኬ ከእጄ አይለይም።"

ፈገግ ብላ ማኅተሙን መታች። ይህን ንግግራችንን እሷም ታስታውሰው ይሆናል።

የድንገተኛ ስልኩንና የውሉን ቁጥር በትንሽ ካርድ ጽፌ በፕላስቲክ አስለበጥኩ። ምኞት አንገቷ ላይ እንድታንጠለጥለው ነበር ያሰብኩት። "እንደ ፍየል ደወል?" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሄደች። አውሮፕላኑ ሲነሣ አላየሁም፤ ወደ ውስጥ አያስገቡም። የቡድኑ መሪ ወንድወሰን ይባላል፤ ጢሙ የበዛ፣ የረጋ ሰው ነው። "እንደ እህቴ ነው የማያት" አለኝ። ስለ ካርዱ ልነግረው ስል ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

እሑድ፣ ጥር 18

መውጣት ጀምረዋል። ደወለች። ዝናብ አለ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ደወለች። 3700። ራሷን ትንሽ እንደሚያማት ነገረችኝ። አንቀጽ ዘጠኝን ደግሜ አነበብኩ፤ ራስ ምታት የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ነው ይላል። ናፊሳ ግፊቴን ለክታ ከፍ ብሏል አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አልደወለችም።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ደወለች! ደኅና ናት። ማታ ወደ ጫፉ ይነሣሉ፤ ሌሊቱን ወጥተው ፀሐይ ስትወጣ ይደርሳሉ። "ተኛ አባዬ፤ አንተ ብትነቃም ተራራው አያጥርም" አለችኝ።

አልተኛሁም። ሌሊት መውጣት ለምን አስፈለገ? ድንጋዩ በብርድ ተጣብቆ ስለሚይዝ ነው ይላል ያነበብኩት። ታዲያ ሲወርዱስ? ፀሐይ ሲሞቀው ይላቀቃላ። የሚፈራው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ይህን ለራሴ ስደጋግመው አደርኩ። ለእሷ መንገር ነበረብኝ። በስልክ ስታወራኝ ስለ ጓንቷ ነው የጠየቅኋት።

ዓርብ፣ ጥር 23

ጠዋት ናትናኤል ደወለ። ጫፍ ደርሳለች! ፎቶ ላከልኝ። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ጥርሷ ይታያል። ለከድሮ አሳየሁት፤ "መምህር፣ ይህች ልጅ ከዚያ ላይ ሆና ሱቄን ሳታየው አትቀርም" አለ።

ማታ። አልደወለችም። ናትናኤል ጋ ብደውል መስመሩ ተይዟል፣ አሁንም ተይዟል። በመጨረሻ አነሣ። ድምፁ ሰለል ያለ ነው። "ኔትወርክ ተቋርጧል አባዬ፣ በዚያ በኩል። አንተ ተኛ።"

ደክሞት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ጠዋት ስኳር ልገዛ ከድሮ ሱቅ ሄድኩ። ሁልጊዜ ሚዛኑን ጎንበስ ብዬ ስለማይ "ፈታኙ መጡ" እያለ ይቀልድብኛል። ዛሬ አልቀለደም። ስኳሩን ራሱ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ አደረሰልኝ። "ምነው ከድሮ፣ እግር አለኝ እኮ" ብለው "ሥራ ስለሌለኝ ነው" አለ። ሱቁ ውስጥ ግን ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ረፋድ ላይ ዓለሚቱ መጣች። ከሐዘኗ በኋላ ከቤቷ ስትወጣ አይቻት አላውቅም። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። እጇ ይቀዘቅዛል። ምን እንደፈለገች አልገባኝም። ብርጭቆ ውኃ ሰጠኋት፤ ሳትጠጣው ሄደች።

ናፊሳ ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካችኝ። "የዛሬውን መድኃኒት እንዳይረሱት" አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ጉንፋን ነው አለችኝ።

ኦቦ ቀነዓ በአጥሩ ላይ ጠራኝ። "አካም ጂርታ፣ መምህር? ነገ ጠዋት ቤት ነህ?"

"የት እሄዳለሁ? የእድር ስብሰባ አለ እንዴ?"

"የለም። ቤተ ክርስቲያን ማልደህ ትወጣ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"አንድ ነገር አለ?"

"ምን ይኖራል" አለና ወደ ቤቱ ገባ።

ናትናኤል አሁንም ኔትወርክ የለም ይላል። ከተራራው ወርደው ከተማ ገብተው መሆን ነበረበት። በከተማ ውስጥ ኔትወርክ አይጠፋም።

ሲመሽ ሁለት ሰዎች የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ወደ ከድሮ ግቢ ሲያስገቡ በመስኮት አየሁ። በሰፈሩ የሞተ ሰው የለም። ቢኖር ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ሳልመዘግብ ወንበር አይወጣም። ነገ እጠይቃቸዋለሁ።

ልብሴን እንደለበስኩ ልተኛ ነው። ብርድ ነው።

እሑድ፣ ጥር 25

ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር። ማን ከፊት እንደሚቆም፣ ማን ከጎን፣ ሳልከፍት አውቀዋለሁ፤ አቋቋሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከፈትኩ። ኦቦ ቀነዓ ከፊት፣ ከድሮ ከጎኑ፣ ዓለሚቱና ናፊሳ ከኋላ፣ ከነሱ በኋላ ብዙ ሰው። በሩን ይዤ "ጨርሱ" አልኳቸው።

ኦቦ ቀነዓ አማርኛው ጠፋበት። "ሉቡን ጂርቲ" አለ። "ሉቡን ጂርቲ፣ መምህር።" በሕይወት አለች ማለቱ ነው። ለሰላሳ ዓመት የሰማሁት ቋንቋ ነው፤ ሦስቴ እስኪለው ድረስ አልገባኝም።

አስገብተው አስቀመጡኝ። ዓርብ ረፋድ ላይ ከጫፉ ስትወርድ የተላቀቀ ድንጋይ ይዟት ተንሸራተተ። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው። ተሸካሚዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ መሸባቸው፤ አሁን ከተራራው ሥር ባለች ከተማ ሆስፒታል ናት። ወንድወሰን ዓርብ ማታ ለናትናኤል ደወለ፤ ናትናኤል ለኦቦ ቀነዓ። በዚያ ሌሊት አትተርፍም ተብሎ ነበር። "ወንበሩን ለክፉም ለደጉም ብለን ነው" አለ ከድሮ።

"ለኢንሹራንሱ ማን ደወለ?" አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ።

"ኢንሹራንሱን ማን ጠራው?"

"ቁጥሩ አንተ ጋ ነው ተባለ" አለ ኦቦ ቀነዓ ቀስ ብሎ። "ካርዱ ያለበት ቦርሳ ላይኛው ካምፕ ቀርቷል። ናትናኤልም ከላክሁለት ከሦስቱ የትኛውን እንደገዛ አላውቅም፣ የውሉንም ቁጥር አባቴን ካልጠየቅሁት አላገኘውም አለ። አንተን ለመጠየቅ ደግሞ ልንነግርህ ነው። ግፊትህን እናውቃለን። ብቻህን ነህ። ለዓለሚቱ ያደረግነውን ነው ያደረግነው፤ አንተው ነህ ያልከው።"

ሃያ አራቱ ሰዓት ያለቀው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ዓለሚቱ እጄን ይዛ ተቀምጣ ሳለ። ውሉ ያለበት መሳቢያ ከተቀመጥንበት ወንበር በክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሄሊኮፕተሩም እዚያው ውስጥ ነበር።

ናፊሳን ቀና ብዬ አየኋት። ምንም እንድትል አልጠበቅሁም።

ወዲያው ደወልኩላችሁ። ያነሣው ሰው "መቼ ነው የደረሰው?" ሲለኝ እውነቱን ተናገርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ከእናንተ ተደወለልኝ፤ ጉዳዩ እየታየ ነው፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርቡ ተባልኩ። ናትናኤል አልቅሶ ደወለ። አልተቆጣሁትም። እኔ አሳድጌው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ማታ ወንድወሰን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"አባዬ... ተቆጣህ?"

"አልተቆጣሁም።"

"ካርዱን... አንገቴ ላይ አላሰርኩትም።"

"አውቃለሁ። ዝም በይ፣ አትድከሚ።"

"ግን ጫፉን አየሁት" አለች።

ከዚያ ሐኪሙ ተናገረ፤ ወንድወሰን ተረጎመልኝ። ደሙን ለጊዜው ይዘውታል። ቀዶ ጥገናውን ግን እዚያ መሥራት አይችሉም፤ ናይሮቢ መድረስ አለባት። አውሮፕላኑ አለ፣ አልጋው አለ። የሚጠበቀው የእናንተ ፈቃድ ነው። "ምን ያህል ትቆያለች?" ብዬ አስጠየቅሁ። ወንድወሰን ጠይቆ ዝም አለ። "ንገረኝ" አልኩት። "ኔትወርኩ አልተቋረጠም፤ ንገረኝ።"

ብዙ አትቆይም አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27 ቀን 2017

ይህ የመጨረሻው ገጽ ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

አንቀጹን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። "ተጠሪው ባወቀ" አይልም፤ "አደጋው በደረሰ" ነው የሚለው። አንቀጹ ከእኔ ጋር አይደለም፤ ነው ብዬ አልከራከርም። ሰዓቱን ያሳለፈው ግን የልጄ ቸልተኝነት አይደለም፤ ለማታለል የተደረገም አይደለም። በተራራ ጎን በቃሬዛ ላይ የተኛች ሴት ልትደውል አትችልም ነበር። ብቸኛ ተጠሪ እኔ ልሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ብዬ ሰፈሩን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። በዚህ ቅጣት ካለ የእኔ ነው፤ አልጋ ላይ ያለችው ግን እሷ ናት። ፈቃዱን ዛሬ ስጡና በካሣው ጉዳይ በኋላ የፈለጋችሁትን ወስኑብኝ፤ የምትሉትን እፈርማለሁ።

መልስዎ ምንም ይሁን፣ እምቢታም ቢሆን፣ ለእኔ ለራሴ ይንገሩኝ። ለናትናኤል አይንገሩት፤ በኦቦ ቀነዓም አይላኩብኝ። ጎህ እስኪቀድ አይጠብቁልኝ። ግፊቴንም አያስቡልኝ። ስልኬን ይዤ፣ በሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። እባክዎ ይህን አንብበው እንደጨረሱ፣ በስልክ፣ ወዲያው ይመልሱልኝ።